ተኝቶ ያሸነፈው ቡጢኛ

አንድ አገር ነበር። ስሙን ብነግራችሁ መንገዱን ትጠይቁኛላችሁ፤ መንገዱን ባሳያችሁ ደግሞ ሄዳችሁ አይታችሁ፣ "ይህማ የኛው ሰፈር ነው" ብላችሁ ትጣሉኛላችሁ። ስለዚህ አንድ አገር ነበር ብለን እንለፍ።

የዚያ አገር ሰው ከእህል ቀጥሎ የሚወደው ቡጢ ነበር። በየዓመቱ መኸሩ ገብቶ አውድማው ላይ ጭድ ብቻ ሲቀር፣ ከየመንደሩ የተመረጡ ቡጢኞች እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እዚያው ጭዱ ላይ ይገጥማሉ። ሰው ከሩቅ ይመጣል። ነፍሰ ጡር ሴት እንኳ ምጧን እስከ ግጥሚያው ማግስት ታቆየው ነበር ይባላል፤ ይህን ግን አላረጋገጥኩም።

ሽማግሌዎች "ወርቃማው ዘመን" እያሉ የሚያነሱት ከሁሉ የቀደመውን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዳኛ የሚባል ነገር አልነበረም። ሕጉ አንድ ነበር፤ የወደቀው ሰው ሲነሳ ጭዱን ከላዩ ያራግፍና ያሸነፈውን ሰው እጅ ራሱ ወደ ላይ ያነሳል። "የወደቀ ይመስክር" ይሉት ነበር። ማን እንደመታው ከተመታው በላይ የሚያውቅ የለም ብለው ያምኑ ነበር። ያልተማሩ ሰዎች ነበሩና።

ይህ ሕግ ለብዙ ዘመን ያለ ችግር ሲሠራ ኖሮ አንድ ዓመት ሁለት አማቾች ገጠሙ። እኩል ተማትተው እኩል ወደቁ። እኩል ተነሡና አንዱ የሌላውን እጅ አነሳ።

"ያሸነፍከው አንተ ነህ" አለ አንደኛው።

"ኧረ አንተ ነህ። እኔ ሁለት ጥርስ ነው የጎደለኝ" አለ ሌላው።

"እኔም ሦስት ጎድሎኛል፣ አትከራከረኝ።"

እጅ ለእጅ እንደተነሣሡ ሦስት ቀን ቆሙ። ሚስቶቻቸው እያጎረሷቸው አደሩ። በአራተኛው ቀን ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰና፣ ሕዝቡ ራሱን በራሱ መዳኘት እንዳልቻለ ታወቀ። ሦስት ዳኞች ተሾሙ።

ዳኞቹ በተሾሙ በዓመቱ ክስ መጣ። አንደኛው ዳኛ ለእህቱ ልጅ በዓይኑ ጠቅሷል ተባለ። የእህት ልጅ የሚባል ሁሉ እንዳይገጥም ታገደ። ሲጣራ ግን በዚያ አገር የማንም የእህት ልጅ ያልሆነ ቡጢኛ አልተገኘም። በዚህ ምክንያት ታላቅ ሸንጎ ተጠራ፣ ሰባት ወር ተቀመጠ፣ መርምሮም ጥፋቱ የዓይን መሆኑን ደረሰበት። "ዓይን ዘመዱን ይለያል፤ ጀርባ ግን ዘመድ የለውም" የሚል ቃል ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኞቹ ፊታቸውን ወደ ኮረብታው፣ ጀርባቸውን ወደ አውድማው አድርገው እንዲቀመጡ ተደነገገ። የሚቀመጡባቸው ዱካዎች እንዳይዞሩ መሬት ውስጥ ተተከሉ።

አዲሱ የዳኝነት ሥርዓት እንዲህ ነበር። በእያንዳንዱ ዳኛ ፊት ሁለት ቅል ይቀመጣል፣ ለአንዱ ቡጢኛ አንድ፣ ለሌላው አንድ። ከጀርባቸው የምት ድምፅ ሲሰማ ተመልካቹ የመታውን ሰው ስም ይጠራል፤ ዳኞቹም ስሙ በተጠራው ሰው ቅል ውስጥ አንድ ባቄላ ይጥላሉ። ግጥሚያው ሲያልቅ ባቄላው የበዛለት አሸነፈ።

እንግዲህ ሰው ወደሚለካበት ነገር ያድጋል። የዚያ አገር ቡጢኞችም ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ቡጢ ተማሩ፣ ገሚሶቹ ድምፅ ተማሩ። ቡጢ የተማሩት ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ድምፅ የተማሩት ሹመት አገኙ።

ጓንጉል የሚባለው ሸማኔ ብቅ ያለው በዚህ ጊዜ ነው። የታች መንደር ሰው ነው፤ ክንዱ ቀጭን፣ ንግግሩ ጥቂት። ዕድሜውን ሙሉ መወርወሪያ ሲያመላልስ የኖረ እጅ ስለነበረው ቡጢውም የሽመና መወርወሪያ ይመስል ነበር፤ ሲሄድ አይታይም፣ ሲደርስ አይሰማም። በወርቃማው ዘመን ቢወለድ ይህ ታላቅ ሙያ ነበር፤ እሱ ግን ዘግይቶ ተወለደ። እስከ ዓመቱ የመጨረሻ ግጥሚያ የደረሰውም የመታቸው ሰዎች ጨዋዎች ሆነው "ኧረ በሕግ" እያሉ ስለጮኹለት ብቻ ነው።

በመጨረሻው ግጥሚያ የገጠመው ድንበሩ ይባላል፤ የቤተ መንግሥቱ ጎተራ ሹም የእህት ልጅ ነው። ድንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን መናገር ይገባል። ድምፅ ግን የሱን ያህል የተማረ አልነበረም። ሆዱ ላይ የደረቀ የበሬ ቁርበት አስሮ መጣ። "ለብርድ ነው" ተባለ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ከኋላው ደግሞ ከጎተራው የሚበላ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ከጎተራው የማይበላ ሰው በዚያ አገር ጥቂት ነው።

ግጥሚያው ተጀመረ። ድንበሩ በቀኙ ጓንጉልን የሚመታ መስሎ በግራው የራሱን ቁርበት ይመታል። ቁርበቱ "ዷ" ይላል። ሰው "ድንበሩ" ይላል። ባቄላው ቅሉ ውስጥ "ጠብ" ይላል። እንዲህ ሲባል አርባ አንድ ባቄላ ተጣለ። ጓንጉል ይህን ሁሉ ጊዜ እጁን አጥፎ ይዞ ሰውየውን በመገረም ይመለከት ነበር። ራሱን የሚመታ ሰው እንዴት እንደሚመታ አልገባውም።

አርባ ሁለተኛው ላይ ድንበሩ ግራውን ሲያነሳ አገጩ ተጋለጠ። ጓንጉል ግራ ትከሻውን ትንሽ ሰበቅ አደረገ፣ ሌላ ነገር አልታየም። ድንበሩ ጭዱ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተዘረጋ። ጭድ ድምፅ የለውም። አራት ሺህ ሰውም አፉን ከፍቶ ቀረና ማንም የማንንም ስም አልጠራም።

ዳኞቹ ኮረብታውን እያዩ ጥቂት ጠበቁ።

"ምን ሆኑ?" አሉ በቀኝ በኩል የተቀመጡት።

"ዝም አሉ" አሉ በግራ በኩል ያሉት።

"ዝምታማ መከባበር ነው" አሉ መካከለኛው፣ የዳኞቹ አለቃ። አለቃ ዳኘው ይባላሉ፤ ከዱካው ሳይነሡ አሥራ ስምንት ዓመት የዳኙ፣ ፊታቸውን አውድማው ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ያላዞሩ፣ በዚህም የተከበሩ ሰው ናቸው።

ትንሽ ቆይቶ ከጭዱ ውስጥ ማንኮራፋት ተሰማ።

"ይህ የማን ትንፋሽ ነው?" ሲሉ ጠየቁ አለቃ ዳኘው።

"የድንበሩ ነው" አለ አንድ ከጎተራው የሚበላ ሰው።

"የዚያኛውስ?"

"እሱ ያለከልካል።"

አለቃ ዳኘው ጢማቸውን ዳበሱ። "እንግዲህ አንዱ ተረጋግቶ ይተነፍሳል፣ አንዱ ያለከልካል። ለመሆኑ የተሸነፈ ሰው እንዲህ ተረጋግቶ ሲተነፍስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?"

ሁለቱ ዳኞች ሰምተን አናውቅም አሉ። ባቄላው ተቆጠረ፤ አርባ አንድ ለዜሮ። ሁለት ሰዎች ድንበሩን በብብቱ ይዘው አቆሙት፣ ሦስተኛው እጁን አነሳለት፣ አራተኛው አገጩን ደገፈ። የአውድማው አውራ ተባለ። የሰማው ግን ሲነጋ ነው።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ጓንጉል ወደ ሽመናው ተመልሶ ይረሳው ነበር። በዚያ አገር ግን የመጨረሻው ግጥሚያ ከስም ጋር የተያያዘ ነው። ለታሪክ እንዲመች ተብሎ፣ የተሸነፈ ሰው ስሙን በተናገረ ቁጥር ማን እንዳሸነፈው፣ ያሸነፈም ስሙን በተናገረ ቁጥር ማንን እንዳሸነፈ አብሮ እንዲናገር ተደንግጓል። ግማሹን ብቻ ተናግሮ የተገኘ ሰው በዚያ ዓመት አውድማ እንዳይወጣ ይታገዳል። ነገሩ ለልጅም ይተርፋል።

ጓንጉል ሊያገባ ሽማግሌ ይዞ ሲሄድ የልጅቷ አባት ስሙን ጠየቁት። "ጓንጉል እባላለሁ፣ በድንበሩ የተሸነፍኩ" አለ አንገቱን ደፍቶ። ስንዱ፣ የምትዳረው ልጅ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ "እኔ የማገባው የፊተኛውን ስም ነው። የኋለኛውን ሰውየው መጥቶ ይውሰደው" አለች። ሰርጉ በዚህ ጸደቀ።

ገበያ ሲወጣ ጥጥ ሻጮቹ ስሙን እያወቁ ይጠይቁታል። "በድንበሩ የተሸነፍኩ" ሲል፣ "እንግዲህ ከለመድከው በዋጋውም ተሸነፍ" ይሉታል። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ሐዘንተኛው ሳይቀር በነጠላው አፉን ይሸፍናል። አንድ ቀን ጓንጉል መወርወሪያውን አስቀመጠና ለስንዱ፣ "ከሞትኩ በኋላ እንኳ ቄሱ ስሜን ሲጠሩ ሙሉውን መጥራታቸው ነው" አላት። ያን ዕለት ይግባኝ ለማለት ወሰነ።

ይግባኝ የሚመዘገበው በአውድማው በር ነው። እዚያ መዝጋቢ ይሁኔ የሚባል ሰው ከአንድ ትልቅ መዝገብ ጀርባ ይቀመጣል። የሚገባውንም የሚወጣውንም ስም የሚጽፈው እሱ ነው።

"ምስክር አለህ?" አለ ይሁኔ ቀና ሳይል።

"አራት ሺህ ሰው አለኝ ጌታዬ።"

"አይተዋል?"

"ሁሉም አይተዋል።"

ይሁኔ ብዕሩን አስቀመጠ። "እንግዲያው አንድም የለህም። ያየ ሰው ያዳላል። ዳኛው እንኳ እንዳያዳላ ዞሮ ተቀምጦ፣ ምስክሩ አፍጥጦ አይቶ ይምጣ ትለኛለህ?"

"ታዲያ ያልነበረ ሰው ላምጣ?"

"ያልነበረ ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል? እብዶች መሰልንህ?"

"ምን ዓይነት ሰው ነው የሚፈለገው?"

"የነበረ፣ ያላየ።"

ጓንጉል አሰበ። "ዳኞቹስ? ነበሩ፣ አላዩም።"

"ዳኛ በራሱ ፍርድ ላይ አይመሰክርም። ይህንንማ የታች መንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።" ይሁኔ ብዕሩን አነሳ። "ስምህን ልጻፈው። ሙሉውን ተናገር።"

ጓንጉል ሙሉውን ተናገረ።

ከዚያ በኋላ የነበረ ያላየ ሰው ፍለጋ ጀመረ። መጀመሪያ ያመጣቸው በገና የሚደረድሩ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ። ከፊት ተቀምጠው ነበርና ጥሩ ምስክር መሰሉት።

"አባባ፣ ድንበሩ እንደወደቀ በምን አወቁ?" አላቸው ይሁኔ።

"ከጎኔ የቆመው ሰው ነገረኝ።"

"እሱ አይቷል?"

"እሱማ አይቷል።"

"በሉ፣ እርስዎም በሱ ዓይን አይተዋል።" ሽማግሌው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አይተዋል ሲባሉ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቀጥሎ ያመጣት በግጥሚያው ሰዓት ጀርባዋን ሰጥታ ልጇን ታባብል የነበረች ሴት ናት። ይሁኔ አንድ ጊዜም እንዳልዞረች አስማላት። እሷም እውነተኛ ሴት ነበረችና፣ "አንዴ ብቻ ዞሬያለሁ፤ ልጄ ሲስቅ ምን አሳቀው ብዬ" አለች። እሷም ቀረች። በሦስተኛው ዓመት ሰክሮ ጭድ ውስጥ ተኝቶ የነበረ ሰው ተገኘ፤ ሲጣራ የተኛው በሌላ አውድማ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። የጓንጉል ሴት ልጅ አደገች፣ ለጋብቻም ደረሰች። ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው ሲባል፣ "በድንበሩ የተሸነፈው የጓንጉል ልጅ" ተብላ እንደምትዳር ሁሉም ያውቅ ስለነበር በቤቱ ደስታ አልነበረም።

ድንበሩስ ምን ሆነ? ድንበሩ የአገሩ ዋና የቡጢ መምህር ሆኖ ተሾሟል። ሰፊ ወንበርና ረጅም ካባ አለው። ቡጢ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ዓይነት እንደሆነ፣ የጥንት ሰዎች ስለ ቡጢ ምን እንዳሉ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ግን በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል። "የኔታ፣ ጓንጉልን ያሸነፉበትን ምት አሳዩን" ይሉታል። እሱም፣ "ያ ምት ለጀማሪ አይሆንም፣ ለከርሞ" ይላል። ተማሪ ይመረቃል፣ ሌላ ተማሪ ይገባል፣ ከርሞ አይደርስም። በዚህ ላይ ስሙን በተናገረ ቁጥር "ጓንጉልን ያሸነፍኩ" ማለት አለበት። እናቱ የሞቱ ዕለት እንኳ እያለቀሰ ብሎታል።

አንድ ቀን የጓንጉል ደጅ ላይ ድምፅ ተሰማ።

"ቤቶች።"

"ማነው?"

"ድንበሩ ነኝ፣ ጓንጉልን ያሸነፍኩ።"

"ግባ። ጓንጉል ነኝ፣ በድንበሩ የተሸነፍኩ።"

"አውቃለሁ።"

"እኔም አውቃለሁ። ሕግ ነው።"

ስንዱ ከጓዳ፣ "ከተዋወቃችሁ ተቀመጡ" አለች።

ድንበሩ ተቀመጠ። ወፍሯል፤ ጸጉሩም ሸሽቷል። ጋቢ ሊያሠራ እንደመጣ ተናገረ፤ ወርዱንና ቁመቱን ተነጋገሩ። ሲጨርሱም አልተነሣም። ካባውን ሲያስተካክል፣ ሲያስተካክል ቆየ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈልጌ አፍሬ ነው" አለ። "በምን ነበር የመታኸኝ?"

"በግራዬ።"

"ከላይ ነው ከታች?"

"ከጎን። አላየኸውም?"

"የት አባቴ አየዋለሁ? ግራ ትከሻህ ሰበቅ ሲል አየሁ፣ ከዚያ አክስቴ ውሃ ስታጠጣኝ ነቃሁ። መሐል ያለውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ ብቻ አላውቀውም። አስተምረዋለሁ እኮ፣ ግን አላውቀውም።"

የሸማኔው እግር መርገጫው ላይ ቆመ። ስንዱም ከጓዳ ብቅ አለች።

"እስቲ እንደገና በለው" አለች።

"ምኑን?"

"ነበርክ?"

"ኧረ እትዬ፣ የወደቅኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት አልነበርኩም?"

"አይተሃል?"

"ተኝቼ ምኑን አያለሁ?"

ስንዱ ነጠላዋን አነሣችና ባሏን በትከሻው ነካችው። "ተነሳ። ሃያ ሁለት ዓመት ስትፈልገው የነበረው ምስክር ጋቢ ሊያሠራ መጥቷል።"

ድንበሩ መጀመሪያ ፈራ። ካባው አለ፣ ወንበሩ አለ። ነገር ግን ከርሞ የሚጠይቁት ተማሪዎች ትዝ አሉት መሰለኝ፣ ወይም እናቱ። ብቻ ተነሳና አብሯቸው ሄደ።

መዝጋቢ ይሁኔ ምስክሩን ሲያይ በመዝገቡ ውስጥ ሕጉን ፈልጎ ሦስት ጊዜ አነበበ። ጉድለት ሊያገኝለት አልቻለም። "የነበረ ነው" አለ። "ያላየ ነው። ሌላ ሰውም አልነገረውም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ምስክር ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ አላየሁም።" ግንባሩን አበሰ። ጉዳዩ ለአለቃ ዳኘው ቀረበ።

አለቃ ዳኘው በጣም አርጅተዋል። ኮረብታውን እያዩ ምስክሩን አዳመጡ። ከሁለቱ ዳኞች ጋር ለረጅም ጊዜ ከተመካከሩ በኋላ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ። "የተኛ ሰው አሸንፏል ለማለት ያስቸግራል። ተሸንፏል ለማለትም ያስቸግራል፤ ለመሸነፍም መንቃት ያስፈልጋልና። ስለዚህ ሁለቱም ነቅተው ይድገሙት።"

ሁለቱ ሰዎች ከአውድማው ተያይዘው ወጡ። አንዱ ወገቡ ጎብጧል፣ አንዱ ጉልበቱ ያመዋል።

"እንዳትመታኝ" አለ ድንበሩ። "በዚህ ዕድሜዬ ከተኛሁ አልነቃም።"

"ካልመታሁህ እንዴት አሸንፋለሁ? ብመታህስ መቼ ይሰማቸዋል?"

"ቁርበቱ አሁንም አለኝ።"

ጓንጉል ቆመ። "በውሸት የተወሰደ ስም በውሸት ይመለስ ትለኛለህ?"

"ስማኝ ወንድሜ። እውነቱን ያኔ ነገርካቸው፤ አልሰሙህም። ሰዎቹ አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚያውቁት። ያንን ቋንቋ ደግሞ ከኔ በላይ የሚናገረው የለም። አንተ ብቻ ዝም ብለህ ቁም፤ እመታልሃለሁ፣ እጮህልሃለሁ፣ እወድቅልሃለሁ።"

ጓንጉል ደስ አላለውም። ግን ልጁ አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እሺ አለ።

በቀጠሮው ቀን አውድማው ሞላ። ወጣቶቹ የመጡት የኔታቸው ያንን ምት በመጨረሻ ሊያሳይ ነው ብለው ነው። የታች መንደር ሰዎችም መጡ፤ ስም እንዲጠሩ ስንዱ አስጠንታቸዋለች።

ግጥሚያው ተጀመረ። ጓንጉል እንደ ተባለው ቆመ። ድንበሩ ቁርበቱን በሙሉ ጉልበቱ "ዷ" አደረገው፤ ቀጥሎም "ኧረ በሕግ፣ ኧረ ጓንጉል ገደለኝ" አለ። የታች መንደር ሰዎች "ጓንጉል" አሉ። እንደገና "ዷ"። እንደገና "ኧረ እናቴ"። ሰው ነገሩ እየገባው ሲሄድ ሳቅ ጀመረ፤ ከጎተራው የሚበላውም ሳይቀር "ጓንጉል" ማለት ጀመረ። ድንበሩ እንዲያ ባለ ጥበብ ተሠቃየ። በመጨረሻ ዞር ዞር ብሎ ጭዱ የሳሳበት ቦታ መረጠና ምድር እስክትነቃነቅ ወደቀ። እንዳያንኮራፋ ትንፋሹን ያዘ።

ዳኞቹ ተመካከሩ። ስንዱ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

"ስም ሲጠራ ሰምተናል" አሉ አለቃ ዳኘው። "ነገር ግን ስም የሚጠራው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ያያል፣ ያየም ያዳላል። እኛ የምናምነው ድምፁን ነው። ይህን ድምፅ እናውቀዋለን። ከዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት በፊት በዚሁ አውድማ አርባ አንድ ጊዜ ሰምተነዋል። ይህ የድንበሩ ድምፅ ነው። ድንበሩ አሁንም አሸንፏል።"

ድንበሩ መሬት ላይ እንደተዘረጋ ዓይኑን ገለጠ። "አቤት?" አለ።

"አሸንፈሃል ልጄ። ከእንግዲህ ስምህ 'ጓንጉልን ሁለት ጊዜ ያሸነፍኩ' ይሆናል።"

የሳቀ የለም። ጓንጉል እጁ ላይ የጠቀለለውን ጨርቅ መፍታት ጀመረ። ቀስ ብሎ ይፈታው ነበር፤ ሸማኔ ጨርቅ አይጎትትም።

ድንበሩ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። ቁርበቱን ፈትቶ ጣለው። በአገሩ ታሪክ ማንም ረግጦት ወደማያውቀው ቦታ፣ ወደ ዳኞቹ ፊት ሄደና አለቃ ዳኘው ፊት ቆመ።

"አለቃ፣ አንድ ጊዜ ይዙሩ።"

"አይቻልም።"

"አንድ ጊዜ ብቻ። ማን ቆሞ ማን ላይ ጭድ እንዳለ ይዩ። ከፈለጉ እኔ አዞርዎታለሁ" አለና ትከሻቸውን ያዘ።

አለቃ ዳኘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው ዱካውን ጨበጠ። ድምፃቸው የዳኛ ድምፅ አልነበረም፤ እሱ ብቻ እንዲሰማ ቀስ ብለው፣ "ተው ልጄ" አሉት። "አርባ ዓመት እንዲህ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ዞሬ ካየሁ አርባውን ዓመት ምን ላድርገው?"

ድንበሩ ትከሻቸውን ለቀቀ።

ወደ አውድማው ተመለሰ። ከካባውና ከጸጉሩ ላይ ጭዱን አራገፈ። ከዚያም የጓንጉልን ግራ እጅ፣ ጨርቁ እስከ ግማሽ ድረስ የተፈታውን፣ ይዞ ወደ ላይ አነሳው። ወጣቶቹ ምን እንደሚሠራ አልገባቸውም። ከኋላ የነበሩ ሁለት ሦስት አዛውንቶች ግን በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። በገና ደርዳሪው ዓይነ ስውር ሽማግሌም በሕይወት ነበሩ፤ "ምን ሆነ?" ብለው ጎናቸው ያለውን ጠየቁ።

"የወደቀው መሰከረ" አላቸው።

"እንግዲያው አየሁ" አሉ።

ሰው መበተን ጀመረ። በሩ ላይ መዝጋቢ ይሁኔ የሚወጣውን ሁሉ ስም እየጻፈ ነው። ጓንጉል ደረሰ።

"ስም?"

"ጓንጉል።"

ይሁኔ ጻፈ፣ ብዕሩን ቀለም አጠቀሰ፣ ጠበቀ። "የቀረውን።"

"አልቋል።"

ይሁኔ ቀና አለ። ከጓንጉል ኋላ ስንዱ ቆማለች፤ ከስንዱ ኋላ ልጅቷ፤ ከልጅቷ ኋላ ድንበሩ።

"አንተስ?"

"ድንበሩ።"

"ያሸነፍከውን ጨምር እንጂ። ሁለት ጊዜ ነው።"

"የመጀመሪያውን ተኝቼ ነበር" አለ ድንበሩ። "ሁለተኛውን ወድቄ። ሦስተኛ ካለ ንገረኝና ሞቼ ልምጣ።"

ይሁኔ መዝገቡን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ወደ ዳኞቹ ጀርባ አየ። ከዚያ መስመሩን ባዶ ተወውና ገጹን ገለበጠ። ሁለቱም በዚያ ዓመት አውድማ እንዳይወጡ ታገዱ፤ መውጣትም አላማራቸውም። የጓንጉል ልጅ በሳምንቱ በአባቷ ስም ብቻ ተዳረች፤ ጋቢውን የለበሰው ድንበሩ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጦ ነበር።

የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ጻፉት ግን ድንበሩ ሁለት ጊዜ አሸንፏል። ተማሪዎች ይህን ያጠናሉ። ፈተና ላይም ይመጣል፤ እውነቱን የጻፈ ይወድቃል። አለቃ ዳኘው ከዚያ ወዲያ አንድ መኸር ብቻ ዳኝተው አረፉ። ለተተኪያቸው ዱካውን ሊያስተካክሉ የመጡ ሰዎች፣ መሬት ውስጥ የተተከለው ዱካ በግድ ተነቅንቆ ሩቡን ያህል ወደ አውድማው ዞሮ አገኙት ይባላል። መልሰው ተከሉት።

እኔ የሰማሁት ይህን ያህል ነው። ከመካከላችሁ ያየ ካለ ግን ዝም ይበል፤ ያየ ሰው ያዳላል።